ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን የሚወርድ ነፋስ

በኮሎራዶ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ የሚኖር ሰው የነፋስ ወሬ ሲነሳ አንድ ቀን ሳይጠቅስ አያልፍም። ያ ቀን ዲሴምበር 30፣ 2021 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኩለ ቀን ሊሆን አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ከቦልደር ከተማ በስተደቡብ፣ ማርሻል በምትባል ቦታ አጠገብ፣ የደረቀ ሣር ውስጥ እሳት ታየ። በዚያ ሰዓት ከተራራው የሚወርደው ነፋስ በአንዳንድ ቦታዎች በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይምዘገዘግ ነበር። እሳቱ ሜዳውን አቋርጦ ሱፔሪየር የምትባለውን ከተማ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል በቃው፤ ከዚያም ወደ ሉዊቪል ዘለለ። ቀኑና ሌሊቱ ሲያልፍ 1,084 መኖሪያ ቤቶች ወድመው፣ ሁለት ሰዎች ሞተው፣ ከ30,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተው ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው በክረምት እምብርት፣ በገና ሰሞን ነው፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የሰደድ እሳት ወቅት አልፏል ብለው በሚያስቡበት ጊዜ። ታሪኩ የማርሻል እሳት ተብሎ ተመዝግቧል። በዚህ ምዕራፍ የማነሳው ግን እሳቱን ያን ያህል ያስሮጠውን፣ ያለ እሳትም ቢሆን በየዓመቱ መኪና የሚገለብጠውንና ዛፍ የሚነቅለውን ነፋስ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ታክሲና የጭነት መኪና የሚነዱ፣ ሆስፒታልና ኤርፖርት የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን ተራራ ሥር ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ ናቸው። ይህን ነፋስ ሊያውቁት ይገባል።

እኛ ደጋ ላይ ያደግን ሰዎች ጉዳት የሚያደርስ ነፋስ መምጣቱን የምናውቅበት የራሳችን ምልክት አለን። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ከዝናቡ ወይም ከበረዶው ፊት ፊት አቧራውን እየጠረገ ይመጣል። ቆርቆሮ ይገነጥላል፣ ባሕር ዛፍ ይጥላል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያልፋል። ሰው ሁሉ ደመናውን አይቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የሮኪ ተራሮች ነፋስ ይህን ምልክት አይሰጥም። ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ለክረምት በማይመጥን ሁኔታ ሞቅ ብሎ ሳለ ይወርዳል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይቆያል። ዓይናችን የለመደውን ስላላየ ቀኑን ደህና ቀን አድርገን እንቆጥረዋለን። ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ነፋሱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ለጥንቃቄው ይረዳል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። በክረምት ከምዕራብ፣ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ በኩል የሚነሳ ብርቱ ነፋስ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋውን የተራራ ሰንሰለት ፊት ለፊት ይገጥመዋል። የሰንሰለቱ ጀርባ ብዙ ቦታ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከሥሩ ያለችው ቦልደር 1,650 ሜትር ላይ ትገኛለች። አየሩ ተራራውን ለመሻገር ወደ ላይ መውጣት አለበት። ነገር ግን ከጫፉ በላይ ሞቅ ያለ፣ የረጋ አየር የተኛበት ቀን ከሆነ ወደ ላይ እንደልቡ መስፋት አይችልም። በተራራውና በረጋው አየር መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ተጨምቆ ያልፍና በምሥራቁ ቁልቁለት እየፈጠነ ይወርዳል። ከግድብ አፋፍ ሞልቶ የሚፈስ ውኃ ግድግዳውን ይዞ ሲወርድ እየቀጠነና እየፈጠነ ሄዶ ሥር ሲደርስ አረፋ ደፍቆ ወደ ላይ እንደሚዘል፣ አየሩም እንዲሁ ግርጌው ላይ ሲደርስ ዘሎ ይነሳል። ከፍተኛው ጉዳት የሚደርሰው ከመዝለሉ በፊት ባለችው በዚያች ጠባብ ሰቅ ውስጥ ነው። ቦልደር ውስጥ ጣራ እየተነሳ ሳለ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ርቆ ባለ ሰፈር ቅጠል የማይነቃነቅበት ጊዜ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። አውሮራ ያለ ሰው መስኮቱን ከፍቶ «ነፋስ የለም» ብሎ ወደ ተራራው ቢነዳ ተሳስቷል ማለት ነው።

አየሩ በየ100 ሜትሩ ሲወርድ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሞቃል። 2,000 ሜትር ሲወርድ 20 ዲግሪ ሊደርስ ነው። በደቡብ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ ከሚባሉት ተራሮች ሥር ባለችው ስፒርፊሽ ከተማ በጃንዋሪ 22፣ 1943 ጠዋት ይህን የመሰለ ነፋስ ሲወርድ የአየሩ ሙቀት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወደ 7 ዲግሪ ዘሏል። ሙቀቱ ደስ ይላል፤ ሰውም ጃኬቱን አውልቆ ይወጣል። አየሩ ግን ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሣሩንና የእንጨት አጥሩን ያደርቃል። በኮሎራዶ የ2021 የመጀመሪያ ወራት እርጥብ ስለነበሩ ሣሩ በደንብ አድጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ሆኑ። ዲሴምበር ላይ ተራራ ሥር ያለው ሜዳ ሁሉ ክብሪት የሚጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ሳይንቲስቶች ይህን ነፋስ በደንብ ያጠኑት እዚያው ቦልደር ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ከተማዋን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ ተሠርቷል። በጃንዋሪ 11፣ 1972 ከባድ ነፋስ በወረደበት ቀን የምርምር አውሮፕላኖች ይህን የአየር ማዕበል አቋርጠው በረሩ። ዳግላስ ሊሊና ኤድዋርድ ዚፕሰር ከዚያ በረራ የሠሩት ሥዕል፣ ከብዙ ሺህ ሜትር ከፍታ ተወርውሮ የሚወርደውንና ግርጌ ላይ የሚዘለውን አየር ጎን ለጎን ያሳየ ነበርና እስከ ዛሬ የሜትዎሮሎጂ ተማሪ ሁሉ የሚያየው ሆኗል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 17፣ 1982፣ በዚያው ማዕከል ላይ የተተከለው መለኪያ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሽውታ መዘገበ። በከተማዋ ብዙ ቤቶች ጣራቸውንና መስኮታቸውን አጡ።

የዚህ ሁሉ ጥናት ፍሬ አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ ነፋሱ በድንገት የሚመጣ ቢመስልም ድንገተኛ አይደለም። ተራራው ከቦታው አይንቀሳቀስም። የሚያስፈልገው የአየር አቀማመጥም ከአንድና ከሁለት ቀን በፊት በትንበያ ካርታ ላይ ይታያል። እንግዲህ ከዚህ ነፋስ ራስን የማዳን ውሳኔ በአብዛኛው የሚወሰነው ከነፋሱ በፊት ባለው ቀን ነው። መንገድ መሄድ አለመሄድ፣ መኪናውን የት ማቆም፣ የትኛው ክፍል ውስጥ ማደር፣ ስልክ መሙላት፣ ዶክመንት መሰብሰብ፣ ይህ ሁሉ ነፋሱ ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ስልክዎ ላይ የሚመጡትን ስሞች ይለዩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት «ሃይ ዊንድ ዋች» ሲል ከባድ ነፋስ ሊመጣ የሚችልበት ሁኔታ አለ፣ ተዘጋጁ ማለቱ ነው። «ሃይ ዊንድ ዋርኒንግ» ሲል ግን መጥቷል ወይም ሊመጣ ነው ማለት ነው። ሜዳማ በሆነ አካባቢ ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ሽውታው በሰዓት 58 ማይል ወይም 93 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ነፋስ በሚበዛባቸው ብዙ ተራራማ ቦታዎች ግን መነሻው ከዚያ ከፍ ይላል። ስለዚህ ተራራ ላይ የወጣ ማስጠንቀቂያ ሜዳ ላይ ከወጣው የባሰ ነፋስ ያመለክታል። «ሬድ ፍላግ ዋርኒንግ» ደግሞ የእሳት አደጋን የሚመለከት ነው። እዚህ ላይ ልብ እንዲባል የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ የማርሻል ቀን የነፋስ ማስጠንቀቂያ ወጥቶ ነበር፤ የአየሩ እርጥበት ከተቀመጠው መለኪያ በታች ስላልወረደ የእሳት ማስጠንቀቂያ ግን አልወጣም። ከተራራ የሚወርድ ብርቱ ነፋስና ደረቅ ሣር በአንድ ቀን ከተገናኙ ቀይ ባንዲራው እስኪውለበለብ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሌላም ነገር ከዚያ ቀን እንማራለን። ቦልደር ያለችበት ካውንቲ በወቅቱ በአንድ አካባቢ ያለን ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስጮኸውን ስርዓት ገና ሥራ ላይ አላዋለም ነበር። የ«ውጡ» መልእክት የደረሰው በዋናነት የመስመር ስልክ ላላቸውና አስቀድመው ለተመዘገቡ ሰዎች ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ቤቱ የመስመር ስልክ የለውም፤ የተመዘገበውም ጥቂት ነው። የምትኖሩበት ካውንቲ የአደጋ ጊዜ መልእክት መመዝገቢያ አለው፤ ነፃ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ የመጡ አዛውንት ወላጆች ቤት ካሉ የእነሱንም ስልክ አስመዝግቡ፣ መልእክቱ ሲመጣ ምን እንደሚልም ቀድማችሁ ንገሯቸው። እናት «ይህ ነገር እየጮኸ ነው» ብላ ልጇ ከሥራ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም።

ነፋስ ሰውን የሚገድልበት መንገድ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቤት አፍርሶ አይደለም። ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩት ቶማስ ሽሚድሊን ከ1995 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ነፋስ በጣለው ዛፍ የሞቱትን ቆጥረው 407 አግኝተዋል። ከእነዚህ 44 በመቶው የሞቱት መኪና ውስጥ ሳሉ ነው፤ ዛፉ መኪናቸው ላይ ወድቆ ወይም የወደቀውን ዛፍ ገጭተው። 38 በመቶው ደጅ ነበሩ። ሞባይል ሆም በሚባለው፣ ተጎትቶ በሚተከል ቀላል ቤት ውስጥ የነበሩት 9 በመቶ፣ ተራ ቤት ውስጥ የነበሩት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ በነፋስ ቀን ከቤት ወጥቶ መንቀሳቀስ ከሁሉም የበለጠ አደጋ ነው።

ስለዚህ ስለ መንገድ ረዘም አድርጌ ልናገር። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ መኪናውን ያለ ችግር የነዳ ሰው 120 ሲሆን ሌላ ዓለም ውስጥ ይገባል። በጎልደንና በቦልደር መካከል፣ ልክ ከተራራው ግርጌ የሚሄደው ሀይዌይ 93 በዚህ የታወቀ ነው፤ ቫንና የጭነት መኪና ይገለበጥበታል፣ በከባድ ነፋስ ቀንም ይዘጋል። አማራጭ ካለ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ መዞር ይሻላል። የግድ መንዳት ካለብዎት ፍጥነት ይቀንሱ፣ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙ፣ ከጭነት መኪና ጎን አይቆዩ። ኮረብታ ተቆርጦ በተሠራ መንገድ ውስጥ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ከተቆረጠው ቦታ ሲወጡ ግን ባላሰቡት ቅጽበት ጎንዎን ይመታዎታል። መኪና ሲያቆሙ በሩን ቀስ ብለው፣ በእጅ ይዘው ይክፈቱ። ብርቱ ነፋስ በሩን ከማጠፊያው ይገነጥለዋል፤ የሕፃን ጣት ከተገኘም መልሶ ይደፍቅበታል።

የጭነት መኪና ለሚነዱት ነገሩ ሌላ ክብደት አለው። ከሻየን ወደ ላራሚ፣ በኤልክ ማውንቴን አጠገብ አልፎ ወደ ሮሊንስ የሚሄደው የዋዮሚንግ ኢንተርስቴት 80 በአሜሪካ ለትረክ ነፋስ ከሚበዛባቸው መንገዶች ዋነኛው ነው። ባለ 53 ጫማ ትሬለር ጎኑ ወደ 45 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በዚያ ከፍታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ በጎኑ ሲመታው ወደ ሁለት ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል፤ 140 ሲሆን ወደ አራት ቶን። ባዶ ትሬለር ራሱ ከስድስት እስከ ሰባት ቶን ቢመዝን ነው። የዋዮሚንግ የመንገድ መሥሪያ ቤት መንገዱን ጭነት ለሌላቸው ረጃጅም መኪኖች ብቻ ለይቶ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ስልክ ሲደዋወሉ የሚጠያየቁትም ይህንኑ ነው፦

«ባዶ ነህ ወይስ ጭነት አለህ?»

«ባዶ ነኝ፣ ጋሼ። ዴንቨር ገብቼ ነው የምጭነው።»

«እንግዲያው እዚያው ላራሚ እደር። ጭነቱ ነገም አለ።»

ወጣቱ ሹፌር ለማደር የሚቸገረው ሰነፍ ስለሆነ ወይም ስለማያውቅ አይደለም። የሚከፈለው በማይል ነው፣ ያልነዳው ማይል ገንዘብ አይሆንም፣ ጭነት የሚመድብለት ዲስፓቸርም በየሰዓቱ ይደውላል። ስለዚህ ሕጉን ይወቀው። የፌዴራል ደንብ የአየሩ ሁኔታ አደገኛ ሲሆን ፍጥነት መቀነስን፣ አደጋው ከበረታም መኪናውን በደህና ማሽከርከር እስኪቻል ማቆምን ያዛል። በ1982 የወጣ የፌዴራል ሕግ ደግሞ አደገኛ በሆነ ሁኔታ አልነዳም ያለን ሹፌር አሠሪው እንዳያባርረውና እንዳይቀጣው ይከለክላል። የተቀጣ ሹፌር በ180 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። «ነፋሱ ይህን ያህል ነው፣ ትሬለሩ ባዶ ነው፣ እስኪቀንስ ቆሜያለሁ» ብሎ በጽሑፍ መላክና መልእክቱን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ሲቆምም መኪናውን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማቆም ነው። ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ኋላ ባለው አልጋ ላይ መተኛት አይገባም።

የኤሌክትሪክ ሽቦ መኪና ላይ ቢወድቅስ? የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ በሩን ከፍቶ መሮጥ ነው፤ የሚገድለውም እሱ ነው። መኪናው ውስጥ እስካሉ ድረስ ኤሌክትሪኩ በብረቱ አልፎ ወደ መሬት ይሄዳል። አንድ እግር መሬት፣ አንድ እጅ በሩ ላይ ሲሆን ግን መንገዱ በእርስዎ ሰውነት ይሆናል። ውስጥ ይቀመጡ፣ 911 ይደውሉ፣ ሊረዳ የሚሮጠውን ሰው በመስኮት «አትቅረብ!» ይበሉት። መኪናው በእሳት ከተያያዘና የግድ መውጣት ካለብዎት፣ መኪናውን በእጅዎ ሳይነኩ፣ ሁለት እግርዎን ገጥመው ይዝለሉና ሁለቱን እግር ሳይለያዩ፣ ከመሬት ሳያነሱ፣ ቀስ በቀስ እየጎተቱ ይራቁ። ሽቦው ባረፈበት አካባቢ መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል፤ ኃይሉ ደግሞ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይለያያል። ሰው ሰፋ አድርጎ ሲራመድ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ያለው ልዩነት በሰውነቱ በኩል ያልፋል። አስር ሜትር እስኪርቁ ድረስ እንዲሁ ይሂዱ። መንገድ ላይ የተኛ ሽቦም ዝም ብሎ ስለታየ ሞቷል አይባልም።

ቤት ውስጥ ለሚቆየው ሥራው ቀለል ይላል። ነፋሱ የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከተራራው በኩል ነው፤ ስለዚህ ልጆችን በምሥራቅ በኩል ባለ፣ ታች ባለ ክፍል ማስተኛት፤ ትልቅ ዛፍ ካጎነበሰበት ክፍል ማራቅ። ደጅ ያለው ትራምፖሊን፣ ወንበር፣ የቆሻሻ በርሜልና የጋዝ ምድጃ ከአንድ ቀን በፊት ይግባ ወይም ይታሰር። የጋራዥ በር ይዘጋ፤ እሱ ሲበረገድ ነፋሱ ገብቶ ጣራውን ከውስጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። መስኮት ከፍቶ ግፊቱን ማስተንፈስ ይበጃል የሚባለው ስህተት ነው፤ ይዝጉ። ሞባይል ሆም ውስጥ የሚኖር ዘመድ ካለ የትንበያው ዕለት ማታ ወደ እናንተ ቤት ይምጣ፤ በእኛ ዘንድ እንግዳ መቀበል ከባድ ነገር አይደለም። ሌላው መታወቅ ያለበት የሽውታው ጠባይ ነው። በኃይል ይመታና ለደቂቃዎች ፍጹም ጸጥ ይላል፤ ሰው ያለፈ መስሎት አጥሩን ሊያነሳ ሲወጣ ቀጣዩ ይመጣል።

እሳት ሲጨመር ግን ቤት ውስጥ መቆየት የሚለው ምክር ይሻራል። ማርሻል ላይ እሳቱን ከቤት ቤት ያሸጋገረው ብዙውን ጊዜ የነበልባል ግንብ ሳይሆን ነፋሱ ተሸክሞት የሚሄደው ፍም ነው። ፍሙ የጓሮ እንጨት ልጣጭ ውስጥ፣ ከግድግዳ ጋር በተያያዘ የእንጨት አጥር ሥር፣ ጣራ ጥግ በተከማቸ ቅጠል ውስጥ ይገባና ቤቱን ያያይዘዋል። በሱፔሪየር የገበያ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ የነበሩ ቤተሰቦች በዚያ ቀን የቀረጹት ቪዲዮ አለ፤ ውጭው በጭስ ጠቁሯል፣ ሰዎቹ ልጆች ይዘው በሩን ሲገፉ ነፋሱ መልሶ ይገፋቸዋል። ሉዊቪል ያለው ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናትን ሳይቀር አውጥቶ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች አዛውሯል። የከተማዋ የውኃ ሠራተኞች የእሳት አደጋ ቧንቧዎቹ እንዳይደርቁ ሲሉ ያልተጣራ ውኃ ወደ መስመሩ ለቀቁ። እነዚህ ሰዎች ከደቂቃዎች ጋር ነው የተሽቀዳደሙት። ስለዚህ ከቤትዎ በስተምዕራብ ጭስ ካዩና ነፋሱ ብርቱ ከሆነ የ«ውጡ» ትእዛዝ እስኪመጣ አይጠብቁ። ፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ የልደት ሰርቲፊኬትና መድኃኒት ከማታው አንድ ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። የጠፋ ወረቀት በኋላ ምን ያህል እንደሚያንከራትት ስደተኛ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ፣ ነዳጁ ከግማሽ በላይ ሆኖ ይደር። መብራት ከጠፋ የጋራዡ በር በራሱ አይከፈትምና በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ቀድሞ ይሞከር።

የካውንቲው መርማሪዎች በጁን 2023 ባወጡት ሪፖርት እሳቱ በሁለት ቦታ መነሳቱን ገልጸዋል። አንደኛው ከቀናት በፊት ተቃጥሎ በአፈር የተቀበረ እሳት ነፋሱ አፈሩን ገፍፎ ሲያነቃው፣ ሁለተኛው ደግሞ በእነሱ ግምት ከኤሌክትሪክ መስመር ከወጣ ብልጭታ ነው። የመጀመሪያው ለእኛ ቤት ቅርብ ነው። ረመጥ ምን ያህል እንደሚያድር የሚያውቅ ሰው ቢኖር እናቶቻችን ናቸው፤ ማታ በአመድ ሸፍነው ጠዋት የሚያቀጣጥሉት እሱኑ ነው። የቡና ከሰል፣ የሥጋ መጥበሻው ፍም፣ ነፋስ በተተነበየበት ሳምንት ጓሮ አይደፋም። በብረት ባልዲ ተደርጎ፣ ውኃ ተሞልቶበት፣ ተማስሎ፣ በእጅ ሲነካ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይቀመጣል።

ሁለተኛው መነሻ ደግሞ አዲስ አሠራር አምጥቷል። በኤፕሪል 2024 የኮሎራዶው ትልቁ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ከነፋሱ በፊት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ደንበኞቹን መብራት አስቀድሞ አጠፋ፤ በግዛቱ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ በነፋስ ቀን መብራት መጥፋቱ የሚጠበቅ ነገር ሆኗል፣ በክረምት ሲሆን ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከሰል ወደ ቤት አታስገቡ። አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ያልሰማ የለም፤ የአሜሪካ ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የበለጠ የታሸገ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ድካም ብሎ ይጀምርና እንቅልፍ ይመስላል። ጄነሬተርም ጋራዥ ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ አይነሳም፤ ከቤቱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ርካሽ ነው። ሙቀቱን በብርድ ልብስ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ በማደር፣ ወይም መብራት ያለበት ዘመድ ቤት በመሄድ ይፈልጉት። የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ወይም ኢንሱሊን ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ሰው ያለበት ቤት የሚሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ይወስን።

ተራራ ላይ ለሽርሽር ወይም ለእግር ጉዞ የሚወጡትን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ትንበያው ካስጠነቀቀ ቀኑን ይለውጡት። በተራራው ጫፍ ላይ ነጭ ደመና ተጋድሞ ወደ ቁልቁለቱ ሲፈስ፣ ከምሥራቅ በኩል ደግሞ ዳርና ዳሩ የሾለ፣ መሀሉ ያበጠ ደመና ለሰዓታት ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ካዩ፣ አየሩ በላይዎ እየዘለለ ነው። ጥንዚዛ የገደላቸው ደረቅ ጥዶች በብዛት በቆሙበት ጫካ ድንኳን አይተከልም።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያለው ቀን የራሱ ጥንቃቄ አለው። የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር አይቆሙ፣ ሽቦ የነካውን አጥር አይያዙ፣ በሞተር መጋዝ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ወድቆ የተወጠረ ግንድ አይቁረጡ፤ ሲቆረጥ ተስፈንጥሮ ይመታል። ኢንሹራንስን ግን ነፋሱ ሳይመጣ ይመርምሩ፤ ከማርሻል እሳት በኋላ ብዙ ባለቤቶች ኢንሹራንሳቸው ቤቱን መልሶ ለመሥራት እንደማይበቃ ያወቁት ዘግይተው ነው። ተከራዮች ደግሞ ቤቱ የአከራዩ ስለሆነ ኢንሹራንሱም ይሸፍነናል ብለው ያስባሉ፤ የአከራዩ ኢንሹራንስ ግን የተከራዩን ልብስ፣ ቴሌቪዥንና አልጋ አይሸፍንም። የተከራይ ኢንሹራንስ በወር የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከዚያ ስልክዎን ይዘው እያንዳንዱን ክፍል፣ ቁም ሳጥኑንና መሳቢያውን እየከፈቱ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ቪዲዮው እዚያው ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር ሌላ ከተማ ላለ እህት ወይም ወንድም ይላኩት።